የዳቦው ጓጉንቸር

«ታዲያ ማነው የሚበላው?»

አክስቷ ይህን ያለችው ጓዳ ውስጥ ሆና፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው። ግን ያ ጉሮሮ ሠላሳ ዓመት ሙሉ መጋዘን በር ላይ ከጫኝና አውራጅ ጋር ሲሟገት የኖረ ስለሆነ፣ ዝቅ ሲል እንኳ ግድግዳ ይሻገራል። ልጅቷ መተላለፊያው ላይ ቆማ የጫማዋን ክር ለማሰር እየታገለች ነበር። ማጎንበስ ትንፋሽ ስለሚያሳጥራት እግሯን የጫማ መደርደሪያው ላይ ትሰቅልና፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ክሩን በጣቷ ጫፍ እየዳበሰች ታስራለች። ይህን ስታደርግ ማንም እንዳያያት ከሁሉ ቀድማ መውጣት ለምዳለች። ያን ጠዋት ግን እነሱ ቀድመዋት ጓዳ ተሰብስበዋል።

«ዳቦው ቁም ሳጥን ላይ ጓጉንቸር ገባ፤ ዳቦው ያው ይጎድላል። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ጠዋት ቁርስ ልታወጣ ለሚስትህ ስሰጣት ብቻ ነው ካንገቴ የሚወርደው። ምን ቀረ? የቁልፍ ሠሪ ልጅ ናት። የሰው ልጅ በአሻንጉሊት ሲያድግ ያንተዋ በሽቦ ነው ያደገችው። የማትከፍተው ፈልግ።»

«እሺ፣ እትዬ» አለ አባቷ።

እናቷ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች። ቧንቧው ይወርዳል፤ አንድ ብርጭቆ ለማጠብ ከሚበቃው በላይ ወረደ። ከዚያ ተዘጋ። ልጅቷ የሁለተኛውን ጫማ ክር ሳታስር ወደ ውስጥ ጠቅጥቃው ወጣች።

ቁጣ አልተሰማትም፤ ማልቀስም አላሰኛትም። ጥርስ ሊነቀል ሲል ሐኪሙ ድድ ላይ የሚወጋው መርፌ አለ። ከእሱ በኋላ ጉንጭን ቢነኩት የሌላ ሰው ጉንጭ ይመስላል። መኖሩ ይታወቃል፣ የራስ መሆኑ ግን ይጠፋል። እሷንም እንደዚያ ካደረጋት ሰነባብቷል፤ ጉንጯን ብቻ ሳይሆን ሁለመናዋን። የቀረላት አንድ ፍርሃት ብቻ ነበር፣ እሱንም ለማንም ተንፍሳ አታውቅም። ዳቦውን ስትበላ ትዝ አይላትም። ነገር ግን ሁሉም እሷ ናት ካለ፣ ከእሷ ሌላ የተጠረጠረ ካልኖረ፣ ምናልባት በእንቅልፏ እየተነሳች ትበላ ይሆናል። ስለዚህ ጠዋት ዓይኗን ሳትገልጥ በፊት ምላሷን በጥርሷ ዙሪያ ታዞራለች፣ ጣቶቿን ታሸታለች፣ ትራሷን እየዳበሰች ፍርፋሪ ትፈልጋለች። አንድም ቀን አላገኘችም። አለማግኘቷ ግን አላሳረፋትም። ሌባ ፍርፋሪውን አራግፎ ነው የሚተኛው፣ ሌባው እኔም ብሆን፣ ትላለች በሆዷ።

ማረጋገጫው ከእጇ የራቀ አልነበረም። በገዛ ቁልፉ የሚከፈት ጓጉንቸር አፉ ንጹሕ ነው፤ ሽቦ የጎረጎረው ግን የድመት ጥፍር እንደነካው ቆዳ ቀጭን ጭረት ይቀርበታል። ይህን ያስተማራት አባቷ ነው። አንድ ጊዜ ብርሃን ላይ አድርጋ ብታየው ያልቅ ነበር። ብታየውስ? ጭረቱን ብታገኘውስ? በዚህ ምክንያት በዳቦው ቁም ሳጥን አጠገብ ባለፈች ቁጥር ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። አክስቷ ይህን መዞር አይታ «ኅሊና እኮ ነው» ብላ ለእናቷ ነግራታለች።

አክስቷ ክፉ ሰው አይደለችም፤ እግዜርም ይህን ያውቃል። ባሏ ከበር ሰፊ፣ ሳቁ ከእሱ ቀድሞ የሚገባ ሰው ነበር። አንድ ምሽት ራት በልቶ ሲነሳ እንደ ግንድ ተገንድሶ ቀረ። ሐኪሙ ልቡን ስብ አንቆት ነው አላት። ከዚያ ወዲህ ወፍራም ሰው ባየች ቁጥር የምታየው ሬሳ ነው። ሻንጣዋን ይዛ ወላጅ እናቷና ታናሽ ወንድሟ ወደሚኖሩበት ቤት በመጣች ዕለት፣ በሩን የከፈተችላት ይህች ልጅ ነበረች። አክስቷ አቀፈቻት፣ ሳመቻት፣ ከዚያ ክንዷን ይዛ ረጅም ጊዜ አየቻት። በሳምንቱ ጓጉንቸሩ መጣ። ቁጭ አድርጋ «ልጄ፣ ባሌን ቀብሬያለሁ፣ አንቺን መቅበር አልፈልግም» ብትላት ምናልባት ሌላ ነገር ይሆን ነበር። ግን ሠላሳ ዓመት የለመደችው መቆለፍ ነው። መጋዘን ውስጥ የሚወደድ ዕቃ ይቆለፍበታል እንጂ አይነገረውም።

ልጅቷ ሁለት ዓመቷ ሳለ ስሟ «ድንቡሼ» ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ጉንጯን እየቆነጠጠ፣ አንቺን የመገበ እጅ ይባረክ እያለ ያልፍ ነበር። ስሙ መቼ እንደቀረ አታውቅም። አንድ ቀን ልብ ስትል ማንም በእሱ አይጠራትም ነበር፤ በምትኩም ሌላ ስም አልመጣም፣ «አንቺ ልጅ» ከሚለው በስተቀር። ትምህርት ቤት ግን ስም አያልቅም፤ እዚያ «በርሜል» ናት። የትምህርት ቤቱ ነርስ ተማሪዎቹን አሰልፋ ስትመዝን የሌላውን ኪሎ በሹክሹክታ እያነበበች ጻፈች፤ የእሷን ግን ሚዛኑ የተሳሳተ መስሏት ጮክ ብላ አንብባ፣ ባልደረባዋን ጠርታ እንደገና አስመዘነቻት። ሰልፉ ውስጥ ሳቅ ከፊት ወደኋላ ሲሄድ ሰማች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ፊት መብላት ተወች። ቤት ውስጥ ሰው የሌለበት ሰዓት ስለሌለ፣ መብላት የሚባለው ነገር ራሱ እየራቀ ሄደ። ሰውነቷ ግን አልራቀም። ይህን ሐኪም ያስረዳው ይሆናል፤ እነሱ ቤት ሐኪም የጠየቀ የለም።

የአባቷ ሱቅ በመድኃኒት ቤቱና በጫማ ሰፊው መካከል እንደ ሽብልቅ የተሰካች ኪዮስክ ናት። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ያልተቀረጸ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል፤ ንፋስ ሲገባ ይንሾካሾካል። አንድ ቁልፍ ማስቀረጽ የሁለት ዳቦ ዋጋ ነው፤ በር ተዘግቶበት ደጅ የቆመ ሰው ግን እንደ ጭንቀቱ መጠን ይከፍላል። «እኛ የምንሸጠው ብረት አይደለም፣ እፎይታ ነው» ይላል አባቷ፣ ሲሻው። ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ከቁልፍ መቅረጫው ማሽን ኋላ ትቀመጣለች። ከባንኮኒው ወዲያ የቆመ ሰው የሚያያት ከደረቷ በላይ ነው፤ ፊትና ሁለት እጅ። እጆቿ ደግሞ ቆንጆ ናቸው። ቁልፉን ሲይዙ፣ ሲያገላብጡ፣ ጥርሱን በአውራ ጣት ዳሰው የጎደለውን ሲያውቁ፣ ደንበኛው ዓይኑን ከእነሱ አያነሳም። በሳምንት ውስጥ ሰው የምትሆነው እዚያች ወንበር ላይ ነው።

ያ ቀንም ቅዳሜ ነበር፤ ጫማ ሰፊው እንደ ሁልጊዜው ጉልበቱ ላይ ጫማ ገልብጦ ከደጁ ተጣራ። «አንተ ጎረቤት፣ እስቲ ዛሬ እንኳ እውነቱን ንገረኝ። ይህችን ልጅ እዚያ ውስጥ በበር ነው ያስገባሃት ወይስ እሷን አስቀምጠህ ነው ኪዮስኩን የሠራኸው?» አባቷ ሳቀ። ደንበኛ ሲቀልድ የሚስቀው ሳቅ ነው፤ ጥርስ አለው፣ ድምፅ የለውም። እሷም ሳቀች። ጫማ ሰፊው በክፋት አይደለም፤ ጫማዋ በውጪ በኩል ቶሎ እንደሚያልቅ አይቶ ሳይጠየቅ፣ ዋጋም ሳይቀበል፣ ሶል የሚለጥፍላት እሱ ነው። ሰው በአንድ እጁ ሲሰፋ በሌላው እንደሚቀድ ሳያውቅ ይኖራል።

ረፋዱ ላይ ገበያው ሲቀዘቅዝ አባቷ ከመደርደሪያው ጓጉንቸሮች እያወረደ ባንኮኒው ላይ ደረደረ። ፊቱን አላዞረም።

«አንድ ደንበኛ ጠንከር ያለ ፈልጎ ነው» አለ። «እስቲ ሞካክሪያቸው። ያልቻልሽውን ለዪልኝ።»

«እሺ አባዬ።»

ደንበኛው ማን እንደሆነ ታውቃለች። እሷ እንደምታውቅ እሱ ይወቅ አይወቅ ግን አታውቅም፤ ልትጠይቀውም ጉልበት አልነበራትም። ሽቦዎቹን አነሳች። የመጀመሪያው ገና ሳትጠነክርበት ተከፈተ። ሁለተኛው ትንሽ አንገራገረ፣ ተከፈተ። ሌላ ጊዜ ያ «ቀጭ» የሚል ድምፅ በጣቷ በኩል እስከ ክንዷ የሚሄድ ደስታ ነበር፤ ዛሬ ግን ጓጉንቸር በተከፈተ ቁጥር ፍርሃቷ ጨመረ። በሌሊት የምትነሳው ያቺ ሌላዋ ልጅ ይህንንም ትከፍተዋለች ማለት ነው። እባክህ ፈጣሪዬ አንዱን አስቸግርብኝ፣ አለች በውስጧ። እንዲህ ዓይነት ጸሎት በዚያች ኪዮስክ ተጸልዮ አያውቅም። ከጥጉ፣ አቧራ ከሰነበተበት፣ አባቷ አንድ ከባድ፣ ወፍራም ጓጉንቸር አወጣ። ሽቦውን አስገባች። ዳበሰች፣ ጫነች፣ ለቀቀች፣ እንደገና ጀመረች። ጣቷ ላይ ሽቦው ሰርጎ ቀይ መስመር አወጣ። ደንበኛ መጣ፣ አባቷ ሸኘው፤ እሷ ቀና አላለችም። ሆን ብላ አልተሸነፈችም፤ ያላትን ሁሉ ሰጠችው። እምቢ አለ።

«ይቺን አልቻልኳትም» አለች።

«በደንብ ሞክረሻል?»

«ከልቤ ነው የሞከርኩት።»

አባቷ ጓጉንቸሩን በእጁ መዘነው። በሌላ ቀን ቢሆን «በይ ተሸነፍሽ፣ እጅ ንሺ!» ብሎ ያሾፍባት ነበር። አሁን ግን አቧራውን በእጅጌው ጠርጎ በፌስታል ጠቀለለው። ምሳ ሰዓት ላይ ዳቦ ገዝቶ ግማሹን ሲያቀርብላት «በልቻለሁ» አለች። የት፣ መቼ ብሎ አልጠየቀም። ግማሹን መልሶ በወረቀት ጠቀለለ። ከሰዓት በኋላ «ዛሬ ቀዝቅዟል፣ ግቢ» ብሎ ፌስታሉን ሰጣት። «ይህን ለአክስትሽ ስጪልኝ። ለሻንጣዋ ነው።»

የሻንጣ ጓጉንቸር እንደዚያ እንደማይከብድ ሁለቱም ያውቃሉ። እሷ የገዛ ጓጉንቸሯን በፌስታል አንጠልጥላ በእግሯ ሄደች። አልከፋትም። እንዲያውም ከሰነበተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዛሬ ሌሊት ደህና እንቅልፍ እተኛለሁ ብላ አሰበች።

ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሳንሰሩ ላይ «ለጥገና» የሚል ወረቀት ከተለጠፈ ወረቀቱ ራሱ ጥገና እስኪፈልግ ቆይቷል። በየፎቁ ትቆማለች፤ ሰው ሲወርድ ስልኳን አውጥታ የምታነብ ትመስላለች። በሩን ከፍታ ስትገባ ቤቱ ጭር ብሏል። አያቷ፣ የአባቷና የአክስቷ እናት፣ ሳሎኑ ጥግ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ ቀትር ላይ መርፌያቸውን አክስቷ ትወጋቸዋለች፣ ምሳ ደግሞ ከሥራ የምትመለሰው እናቷ ታቀርባለች። ዛሬ እናቷ አልመጣችም። አክስቷ መርፌውን ወግታ፣ እናቷ ትደርሳለች ብላ፣ የድሮ ባልደረባዋን ልትጠይቅ ወጥታለች። ጠረጴዛው ላይ ባዶ ሳህን ተቀምጧል፣ ማንኪያው ንጹሕ ነው።

«እማማ?»

አያቷ ዞር አሉ። የቀሚሳቸው አንገት በላብ ረጥቧል፤ እጃቸው ብርድ ልብሱን እየጨበጠ ይለቅቃል። «ባቡሩ ሄደ?» አሏት። ምን ባቡር፣ ባቡር በሌለበት። ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል። ልጅቷ ወዲያው ገባት። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ደጋግማ ነግራቸዋለች፤ መርፌ ተወግተው ሳይበሉ ከቆዩ ስኳሩ ይወርዳል፣ ሲወርድ የሚጣፍጥ ነገር ቶሎ አጉርሷቸው፣ ቆይ የሚባል ነገር የለም። ስኳሩ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ነው። ማሩም። ዳቦውም። ለአክስቷ ደወለች፤ ስልኩ ከመኝታ ክፍሉ ጮኸ። የጎረቤቱን በር በመዳፏ ደበደበች፤ መልስ የለም። ስኳር የሚገዛበት የሰፈሩ ሱቅ ከደረጃው በታች፣ ከመንገዱ ማዶ ነው። ደረጃውን ወርዳ፣ በዚህ ሰውነቷ መልሳ እስክትወጣ ድረስ ምን እንደሚሆን አሰበች። ከዚያ አስባ ጨረሰች።

አባቷ ሽቦ ያስያዛት ቀን አስምሏታል። ባለቤቱ ፊትሽ ቆሞ ክፈቺልኝ ካላለሽ በቀር፣ የምትከፍቺው ሁሉ ስርቆት ነው፣ ብሏታል፤ እሷም ፈጣሪ ምስክሬ ነው ብላለች። ቤቱ የአያቷ ነው፣ ቁም ሳጥኑም ከአያቷ ጋር የመጣ ነው። «እማማ፣ ልክፈተው?» አለቻቸው። አያቷ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለእሷ ይሁን ለባቡሩ አይታወቅም። ከጸጉሯ ማስያዣውን ሽቦ ነቅላ ለሁለት ሰበረችው፤ ሄዳ ጓጉንቸሩን በእጇ ያዘች። አሁን ወደ መስኮቱ መዞር አይቻልም። ፊቷን አስጠግታ አየችው።

ንጹሕ ነበር። አፉ ከካርቶን እንደወጣ ልስልስ፣ አንድም ጭረት የሌለበት።

አንድ ትንፋሽ ያህል ምንም ሳታደርግ ቆመች። ከዚያ ሽቦውን አስገባች፤ ርካሽ ጓጉንቸር ነው፣ ወዲያው ተከፈተ። ስኳሩን በውኃ በጥብጣ፣ አያቷን በደረቷ ደግፋ፣ በማንኪያ በማንኪያ እያየች አጠጣቻቸው። ሰፊ ደረት መልካም ትራስ ነው፤ አያቷ ራሳቸውን ጥለው ሲያርፉበት ተሰማት። ቆየት ብሎ መንቀጥቀጡ ቀነሰ። ቀጥሎ ዓይናቸው ተመለሰ፣ አዩዋት።

«ድንቡሼ» አሉ። «ምነው እንዲህ አላበሽ?»

«አንቺን ነው ያላበሽ፣ እማማ።»

«ኧረ ተይኝ፣ እኔ አርጅቻለሁ፣ ላብ ከየት አባቱ ይመጣል።»

ዳቦ ቆርሳ እያለዘበች አበላቻቸው። ጥቂት በሉና በቃኝ ብለው ጋደም አሉ፣ ትንፋሻቸው ልክ ገባ። ልጅቷ የተረፈውን ቁራሽ በእጇ ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ቀረች። ተነስታ ጓጉንቸሩን «ቀጭ» ብታደርገው ማንም አያውቅም ነበር። አልተነሳችም። ስለ ንጹሑ አፍ እያሰበች ነበር። እንዲህ ሆና፣ ከኋላዋ ቁም ሳጥኑ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ቀሚሷ ላይ ስኳር ፈስሶ፣ በእጇ ዳቦ ይዛ ሳለ አክስቷ ገባች።

አክስቷ አልጮኸችም። በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም በዓይኗ ቆጠረች፣ እንደ ዕቃ። «ይኸው» አለች።

«እማማ ስኳሯ ወርዶ ነው።»

«ተኝታለች እኮ።»

«አሁን ነው የተኛችው።»

«ዳቦውስ? ዳቦውም ስኳር ሆነ?» አክስቷ ይህን እያለች ወደ አሮጊቷ እናቷ አልጋ ሄደች፣ ብርድ ልብሱን ልታስተካክል እጇን ሰደደች። የቀሚሱ አንገት ላይ እጇ ቆመ። እርጥቡን ጨርቅ በሁለት ጣቷ ይዛ ጥቂት ቆየች። ወደ ባዶው ሳህን፣ ወደ ንጹሑ ማንኪያ አየች። ቦርሳዋን ሳታወርድ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ግን፣ ሰው የሚያውቀውን ነገር ቶሎ መልቀቅ ስለሚከብደው፣ «በሽቦ ነው የከፈትሽው?» አለች።

«አዎ።»

«ስለዚህ ትችያለሽ።»

«እችላለሁ።»

አባቷ የደረሰው በዚህ መሃል ነው። የሥራ ኮቱን ሳያወልቅ የተከፈተውን ቁም ሳጥን አየ፣ እናቱን አየ፣ እህቱን አየ፤ ልጁን ግን ዘለላት። አክስቷ በሁለት ቃል ነገረችው። እሱ ጓጉንቸሩን አንስቶ ወደ አምፖሉ ሄደ። አስቦበት አይመስልም፤ ጓጉንቸር የያዘ ቁልፍ ሠሪ ወደ ብርሃን ይሄዳል። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየው፣ አዘንብሎ አየው።

«ዛሬ ነው የተከፈተው» አለ።

«ምን ማለት ነው?» አለች አክስቷ።

«ከዛሬ በፊት ሽቦ አልነካውም። ይሄ ጭረት ትናንት አልነበረም።»

«የትናንቱን በምን አወቅህ?»

አባቷ ጓጉንቸሩን ከብርሃኑ አወረደው። ቃሉ ካፉ ካመለጠው በኋላ ነገሩ ገባው። ታላቅ እህቱ ናት ያሳደገችው፣ ደብተርና ጫማ የገዛችለት። «እሺ፣ እትዬ» ማለት ሳይማር የለመደው የመጀመሪያው ቃል ነው። «ማታ ማታ አየዋለሁ» አለ፣ ለወለሉ።

«ማታ ማታ?» አለች ልጅቷ።

«እህ።»

«ጭረት አልነበረውም?»

«አልነበረውም።»

ጣቶቿን አየች። ስንት ጠዋት አሽትታቸዋለች። መልሱ እኮ ከእሷ አልጋ በአንድ ግድግዳ ርቀት፣ በዚህ ሰው ውስጥ ይተኛ ነበር፤ ጠዋት አብሯት ሱቅ ይሄድ ነበር። «ለምን አልነገርከኝም፣ አባዬ?»

ጓጉንቸሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «አልጠየቅሽኝማ፣ ልጄ» አለ።

የእናቷ ቁልፍ በሩ ውስጥ ሲዞር ተሰማ። እናቷ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው የምትሠራው፤ ስትገባ የበረኪና ሽታ ይቀድማታል። «ተረኛዋ ቀርታ አላስወጡኝም፣ እማማ ምሳ...» ብላ ጀመረችና ተወችው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጓጉንቸር አለ፤ አሮጌው ተከፍቶ፣ አዲሱ በፌስታሉ ውስጥ። ቤቱን ሁሉ አየች፤ ምን እንደተባለ ማንም ሳይነግራት ገባት መሰለኝ። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ከፈተችው። በሆቴሉ የፊት ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች፣ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፣ ጨርቁን ገለጠችው። ግማሽ ዳቦ ነው፤ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ካለው ጋር አንድ ዓይነት።

«የሠራተኛ ምግብ ከቆመ ሰንብቷል» አለች። «ጠዋት ቁርስ ሳወጣ ነው የምወስደው።»

አክስቷ ዳቦውን አየች። «አትጠይቂኝም ነበር?»

«ቁልፉ አንገትዎ ላይ ነው፣ እትዬ።»

በቁጣ አልነበረም የተናገረችው፤ ሰዓት ስንት እንደሆነ እንደሚነግር ሰው ነው። ወደ ልጇ ግን ቀና አላለችም። ጠዋት ቧንቧው ለምን ያን ያህል እንደፈሰሰ ልጅቷ አሁን አወቀች። ማወቋ ራሱ ከሩቅ፣ በግድግዳ ኋላ እንደሚወራ ነገር ነው የደረሳት። አክስቷ እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች፣ የቁልፉን ክር በጸጉሯ ላይ አሳልፋ አወጣችው፤ ካወጣችው በኋላ የት እንደምታኖረው ጠፋት። አባቷ መስኮቱ ጋ ቆሟል። አምፖሉ ላይ ዝንብ ትዞራለች። ወፍራም ሰው ያለበት ቤት ሌባ አይፈለግም፤ ይህን ሁሉም በየፊናው ያሰበው ይመስላል፣ አንድም ሰው ግን አላወጣውም። ይቅርታ የሚባለው ቃል በዚያ ቤት ቦታው የት እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

ልጅቷ መጀመሪያ የታመመች መሰላት። ከደረቷ በታች የሆነ ነገር ተጨማደደ፣ ለቀቀ፣ እንደገና ተጨማደደ። የጥርስ መርፌው ድንዛዜ ሲለቅ መጀመሪያ የሚመጣው ቁርጥማት ነው። ቆይታ አወቀችው። ርቧታል። ከመቼ ወዲህ እንዲህ እንዳልራባት ልታስታውስ ሞከረች፣ አልመጣላትም። ተነስታ ወደ ጠረጴዛው ሄደች፣ ወንበር ስባ በሁሉም መሃል ተቀመጠች፤ ወንበሩ እንደልማዱ ጮኸ። ሁለቱን ጓጉንቸሮች ሰው ጨውና በርበሬ እንደሚገፋ ወደ ጎን ገፋቻቸው። ከእናቷ ዳቦ ቆረሰች፣ ጎረሰች። የገዛ ጥርሷ ድምፅ ጆሮዋን ሞላው። ማንም አላያትም፤ ሁሉም የሚያየው ሌላ ነገር አግኝቷል። እሷ ቀስ ብላ አላመጠች፣ ዋጠች፣ ደግማ ቆረሰች።

ከጥጉ ብርድ ልብሱ ተንኮሻኮሸ። አያቷ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ ሰው ቤት ውስጥ መኖሩን ለማወቅ ብቻ የሚጠየቅ ጥያቄ ጠየቁ።

«ማነው የሚበላው?»

አክስቷ ክሩን ጨበጠች። እናቷ ጨርቁን ማጠፍ ተወች።

«እኔ ነኝ፣ እማማ» አለች ልጅቷ፣ አፏን ሞልታ።